ጉርሜሳን ያመነ ገበያ

ባለፈው ጥቅምት ኢተያ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ሟቹ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው፤ ዕድሜ ጠግቦ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አድርሶ የሞተ ሰው ስለሆነ ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው ቶሎ በረደና ወሬው ደራ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት ወጣቶች ስልክ እየተቀባበሉ ይከራከራሉ። ተረብ እየቀላቀለ ፖለቲካ የሚተነትን አንድ ሰውዬ አለ አሉ፤ እሱ እንዲህ ብሏል፣ የለም እንዲህ አላለም ነው ክርክሩ። «እሱ ካለ አለቀ!» አለ አንደኛው። ይሄኔ ከዘራውን ተደግፎ አጠገባቸው የተቀመጠ ሽማግሌ ፈገግ አለና፣ «እኛም እሱ ካለ አለቀ የምንለው ሰው ነበረን፤ ኦቦ ጉርሜሳ የሚባል» አላቸው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና በአፍንጫው በሚወጣ ንጭንጭ ድምፅ፣ «እኔ ጉርሜሳ? እምቢ!» አለ። በእሱ ዕድሜ ያሉት ሁሉ ለቅሶ ቤት መሆናቸውን ረስተው ሳቁ።

ሽማግሌው አላወቀኝም። በዚያ ዘመን ከጉርሜሳ ጎን ሆና «አንተ ሰውዬ፣ እስኪ መጀመሪያ ተቀመጥ!» የምትለው የሚስቱ የጫልቱ ድምፅ የእኔ እንደነበረ እዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያውቅ የለም። ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እጄን ይስሙኝ ነበር። አልተናገርኩም። ሻሼን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ፤ ሳቃቸው ግን ይዞኝ ሄደ፣ ወደዚያች ወደ ድሮዋ አሰላ።

አሰላ ያኔ አንድ ዋና መንገድ የነበራት፣ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ጆሮ የሚቆርጥባት ከተማ ነበረች። ጠዋት ፈረሰኞቹ ከገጠር ሲገቡ ከፈረሶቻቸው አፍንጫ ጭስ የሚወጣ ይመስል ነበር። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ከፍ ብሎ የጎሚስታው ቤት፣ ከጎሚስታው ቀጥሎ መኪናቸውን በረንዳ ላይ የደረደሩ ልብስ ሰፊዎች፣ ከእነሱ አለፍ ሲሉ ሻይ ቤቱ ይገኛል። ስሙኒ የያዘ ሰው ሻይ ከቦምቦሊኖ ጋር አዝዞ መልስ ይቀበላል። ሻይ ቤቱ ውስጥ እንደ ሙሽራ ጥልፍ ጨርቅ የለበሰ ትልቅ ራዲዮ ነበረ፤ ዜና ሲጀምር ባለቤቱ ጨርቁን ገለጥ ያደርግለታል። የቢሮ ሰዎችና አስተማሪዎች ብርጭቆአቸውን ሳያንኳኩ ያዳምጣሉ፣ ዜናው ሲያልቅ በሳክስፎን የታጀበ ዘፈን ይመጣና ሁሉም ትከሻው ይቀልለዋል። ወንዶቹ ከጉልበት በታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ሚዶ ሰክተውበት ይዞራሉ። እኔ የቀሚሴ ጫፍ ከጉልበቴ አንዲት ጣት ከፍ ባለ ቁጥር ከአባቴ ጋር እጣላለሁ። አሁን ያ ሻይ ቤት ፎቅ ሆኗል፤ ስልክ ይሸጥበታል። ባለፍኩ ቁጥር ግን የቦምቦሊኖው ዘይት ይሸተኛል፤ ልጆቼ «እማዬ፣ እዚህ ምንም የለም» ይሉኛል።

አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። አቡጀዲ፣ ካኪና ናይለን ሻሽ ይሸጣል፤ ገበሬውን በኦሮምኛ፣ ሹማምንቱን በአማርኛ፣ አላህን በአረብኛ ያናግራል። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ታይፕ ከተማርኩ በኋላ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ሥራ ሳገኝ እናቴ ናት ለምና ያስፈቀደችልኝ። በቢሮው ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። በኋላ ጉርሜሳን የሆነውን ገመቹን ያወቅሁት እዚያ ነው። ከኢተያ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የመጣ የጭሰኛ ልጅ ነው፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ ገበሬዎችን እየዞረ የሚያማክር ሠራተኛ ሆኗል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከአንዲት ካኪ ኮት የማይለይ ልጅ ነበር። መጠጥ አይቀምስም፤ ሲሄድ በአፉ ውስጥ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ቀና ብለው ካዩት ያቆማል። እንዲህ ያለው አይን አፋር ሰው ገበያ ሙሉ ሕዝብ ያስቃል ብሎ ማን ያስባል?

መሥሪያ ቤቱ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ የታሰረበት ላንድሮቨር ነበረው። በቅዳሜ ገበያ አለቃችን ራሱ ወረቀት ይዞ «የተከበራችሁ ገበሬዎች ሆይ» እያለ ያነብባል፤ ገበሬው በጉን እየጎተተ ያልፋል። አንድ ቀን ገመቹ፣ «ጌታዬ፣ ማስታወቂያውን ጠብ እናድርገው» አለው።

«የምን ጠብ?»

«የባልና ሚስት። ማስታወቂያ የሚሰማ የለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ግን ቆሞ የማይሰማ ገበያተኛ የለም።»

አለቃው ሳቀና «ሚስቲቱ ማን ትሆናለች?» ሲል ሁሉም ዞረው አዩኝ።

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ መቼም አልረሳትም። መጋረጃ በተጋረደበት መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ አንድ ማይክሮፎን እየተቀባበልን። በመጀመሪያ በአማርኛ ተጣላን፤ የከተማው ሰው ቆሞ ሳቀ። ቀጥለን በኦሮምኛ ስንጣላ ግን ገበያው ቀጥ አለ። ያ ሕዝብ ቋንቋውን ከብረት ውስጥ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። ራዲዮ የሌላ ሰው ነበር፤ ፍርድ ቤት የሌላ ሰው ነበር፤ አሁን ግን እንደ እሱ የሚያጉረመርም፣ እንደ እሱ በሬውን የሚወድ፣ እንደ እሱ ማዳበሪያ የሚሉትን ነጭ ፍሬ የሚጠራጠር ጉርሜሳ የሚባል ጭሰኛ ከሰማይ ይናገራል። አንዲት አሮጊት መኪናውን ዞራ ዞራ፣ ጎንበስ ብላ ከሥሩም አየችና «የት ነው ያስቀመጣችኋቸው?» ብላ ሾፌሩን ያዘችው።

ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጉርሜሳ አዲስ ነገር ሲነግሩት «እኔ ጉርሜሳ? እምቢ!» ይላል። ጫልቱ ታስቀምጠዋለች፣ ትከራከረዋለች፣ ታሾፍበታለች። መጨረሻ ላይ ሲሸነፍ «እሺ፣ ግን አንቺ ስላልሽ አይደለም!» ይላል። ያቺን ቃል ገበያው ከእሱ እኩል ይላታል፤ ሴቶቹማ ባሎቻቸውን እየጎነተሉ። አባቴ መጀመሪያ ሰሞን ሳያናግረኝ ከረመ። «የእኔ ልጅ በገበያ መሐል የሰው ሚስት ሆና ትጮሃለች!» ይል ነበር ለእናቴ። በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የሱቁን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ አገኙት። ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ሲጠይቀው «ቆይ፣ ትመልስለት!» ይለው ነበር አሉ።

ጉርሜሳ ላሞቹን አስከተበ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የክትባት ጣቢያው በከብት ተጥለቀለቀ። ጉርሜሳ ልጁን ትምህርት ቤት ላከ፤ የሁሩታ ትምህርት ቤት አዲስ ክፍል መክፈት ግድ ሆነበት ተባለ። አንድ ቀን ደግሞ ከወረቀቱ ወጣ ብሎ ለሳቅ ያህል፣ «ጫልቱ፣ እኔ የምፈራው ጅብን ሳይሆን የእህል ነጋዴን ሚዛን ነው፤ ያነክሳል» አለ። በሚቀጥለው ገበያ ገበሬው እህሉን ይዞ ነጋዴዎቹ ፊት ቆመና፣ «ያነከሰ ሚዛን ላይ አናወጣም» አለ። የተጫነ አህያ እንደተጫነ ተመለሰ። የእህል ነጋዴዎቹ አባቴ ሱቅ መጥተው ተጯጯሁ፤ በሦስተኛው ገበያ አዲስ ሚዛን አመጡ። እኔ እየሳቅሁ ይህን ስነግረው ገመቹ አልሳቀም።

«ዘይነባ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ የምራቸውን ነው የሚያምኑን» አለኝ።

«ታዲያ ደግ አይደል?»

«እንጃ። እኔ የማላውቀውን ነገር ብናገርስ?»

ከዚያ በኋላ ሹማምንቱም አወቁን። ለምክር ቤት የሚወዳደር አንድ ጌታ ጉርሜሳ ስሙን ጠራ ያደርግለት ዘንድ በአለቃችን በኩል አስለመነ። ገመቹ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ ጉርሜሳ ጭሰኛ ነው፤ ከበሬው በቀር የማንንም ስም አያውቅም» ብሎ አለፈው። ሰውዬው ስቆ ሄደ ቢሉም አለቃችን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የምንናገረውን ሁሉ አስቀድሞ እያነበበ መፈረም ጀመረ።

የማዳበሪያው ነገር እንዲህ ሆነ። በርካታ ገበያ ሙሉ ጉርሜሳ እምቢ ካለ በኋላ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወሰደ፤ የአርሲ ጭሰኛም ተከትሎት ወሰደ። ከእነዚያ አንዱ የገመቹ ታላቅ ወንድም ቶላ ነበር። ቶላ እነሱ ተወልደው ያደጉበትን፣ አዲስ አበባ የሚኖር የአንድ ባለመሬት ርስት የሚያርስ ሰው ነው። ገመቹን ያሳደገው እሱ ነው፤ አባታቸው ቶሎ ስለሞተ አንዲት ጊደር ሸጦ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስገባው እሱ ነው። ያን ዓመት በመስከረም መጨረሻ ወደ ማሳው ወሰደን። ስንዴው ደረቴ ድረስ ነበር። ንፋስ ሲመጣ ጠቅላላ ሜዳው እንደ ውኃ ይተኛል፣ ይነሳል። ቶላ ሚስቱ ያዘጋጀችውን በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ በእንጨት ሳህን አቅርቦልን፣ «ጉርሜሳ ይባረክ!» እያለ ይስቃል። ድምፁ የወንድሙ እንደሆነ እያወቀ እንኳ ጉርሜሳን እንደ ሌላ ሰው ነበር የሚያነሳው። ልጆቹ «አድርገው! አድርገው!» ብለው ገመቹን ጉልበቱን ሲይዙት፣ ያ አይን አፋር ሰው አፍንጫውን ነፍቶ «እኔ ጉርሜሳ?» ይላል፤ ልጆቹ በሳቅ ስንዴ ውስጥ ይወድቃሉ። እስከ ዛሬ የደስታ ቀን ምን ይመስላል ብትሉኝ ያቺን ቀን ነው የማሳያችሁ።

ባለመሬቱ በአጨዳ ጊዜ መጣ። መሬቱን ለዓመታት አይቶት አያውቅም ነበር አሉ። ማሳው ዳር መኪናውን አቁሞ ወረደና «ይህ የእኔ መሬት እንዲህ ያበቅላል?» አለ። ቶላ ኩራት ይዞት «አዎን ጌታዬ፣ አዎን» አለ። በሚቀጥለው የእርሻ ወራት ትራክተር መጣ። ለቶላና ለጎረቤቶቹ ቤታቸውን እንዲነቅሉ ተነገራቸው። እዚያ ብቻ አልነበረም፤ ከኢተያ እስከ ሁሩታ ድረስ ስንዴው ያማረበት ሁሉ ትራክተር ገባበት። ማሳው ያላማረለት ሰነፍ ተረፈ፤ ጉርሜሳን ያመነው ተነቀለ። እንዲህ ብዬ ስናገር ልጆቼ «ፖለቲካ ነው እኮ፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ፖለቲካ የምለውን ነገር ያኔ ያየሁት በሰው ፊት ላይ ነው።

ቶላና ሌሎች ገበሬዎች አንድ ረቡዕ ቢሯችን በር ላይ መጡ። ለስድብ የመጡ መስሎኝ ፈራሁ። ቶላ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም አለኝ።

«እህቴ፣ ደህና ነሽ? ገመቹ አለ?»

ገመቹ ወጣ። ወንድሙን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ቶላ ትከሻውን ያዘውና በቀስታ፣ «አንተን ልንከስ አልመጣንም። አንድ ነገር ልንጠይቅህ ነው» አለው።

«ምን?»

«ጉርሜሳም ጭሰኛ ነው አይደል?»

«ነው።»

«ማዳበሪያ ወስዷል፤ ስንዴው አምሮለታል።»

«አዎ።»

«ታዲያ ዘንድሮ የት ነው የሚያርሰው?»

ከኋላው የቆሙት ሰዎች ሁሉ መልስ ይጠብቃሉ። ቀልድ አልነበረም። ለማን አቤት እንደሚሉ ሳይሆን ጉርሜሳ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ነበር የመጡት፤ እሱ ያደረገውን ሊያደርጉ። ገመቹም «እጠይቀዋለሁ» አለ። እነሱም ይህን እንደ በቂ መልስ ተቀብለው ሄዱ።

አለቃችን ሰምቶ ኖሮ ጠርቶን «እኛ እርሻ እንጂ ፖለቲካ የለብንም» አለ። የዚያን ቅዳሜ ጽሑፍ ስለ ስንዴ ዋግ ነበር፤ ፈርሞ ሰጠን። ዋዜማውን አባቴም ነገር ሸቶት «ልጄ፣ ነገ አሞኛል ብትዪስ?» ብሎኝ ነበር። አላመመኝም አልኩት።

ቅዳሜ መኪናው ከወትሮው ቦታ ቆመ። ሕዝቡ እንደዚያ ቀን በዝቶ አላየሁም፤ ከጎበሳ ድረስ በፈረስ የመጡ ነበሩ። ገመቹ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ማይክሮፎኑን ያዘ። የወትሮውን «እኔ ጉርሜሳ?» ሲጠብቁ በደከመ ድምፅ፣ በኦሮምኛ እንዲህ አለ፦

«ጫልቱ፣ በሬዎቹን ፈትቻቸዋለሁ።»

ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ነው። ማይክሮፎኑን ወደ እኔ አዞረው። ምን እንደማደርግ ጨነቀኝ፤ ግን ጫልቱ ዝም ብላ አታውቅም።

«ለምን ፈታሃቸው? ገና ጠዋት ነው» አልኩት።

«ማሳው ውስጥ የብረት በሬ ገብቷል። የእኛ በሬዎች ቢያዩት ደነገጡ።»

ከውጭ አንዳንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

«ታዲያ ጌታው ዘንድ ሄደህ ንገረው» አልኩ።

«ሄጄ ነበር። ስንዴህ አምሯል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ሂድ አለኝ።»

«ቤታችንስ?»

«ጣሪያው ተነሳ። ምሰሶው አህያው ላይ ነው። አንቺን መንገድ ዳር እየጠበቅሁሽ ነው።» ከዚያ ጠየቀኝ። «ማል ጎና ጫልቱ? ምን እናድርግ? ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ። ወዴት እንሂድ?»

ያን ሁሉ ጊዜ ጫልቱ መልስ አጥታ አታውቅም። ገበያው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀኛል። በመጋረጃው ቀዳዳ ፊታቸው ይታየኛል፤ ቶላ ከፊት ቆሟል። መልስ ፈለግሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ሂን ቤኩ» ብቻ ነበር። አላውቅም ማለት ነው።

በጎቹ እንኳ የጮሁ አይመስለኝም። ቀጥሎ አንዲት ሴት እንደ ለቅሶ ድምፅ አወጣች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ከጥግ እስከ ጥግ ተያያዘ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። አለቃችን እየሮጠ መጥቶ ሾፌሩን «ንቀለው! ሽቦውን ንቀለው!» ሲል ሰማሁ። ድምፅ ማጉያው ፀጥ አለ። ለቅሶው ግን ሽቦ አልነበረውም።

ገመቹን ከመኪናው እንደወረደ ወሰዱት። ሕዝብ ማነሳሳት ነው ክሱ። እኔንም በማግስቱ ጠሩኝ፤ አባቴ የኢድ ኮቱን ለብሶ አብሮኝ መጣ። ሻምበሉ ፊት ቆሞ፣ «ጌታዬ፣ ልጄ ያለችው አላውቅም ነው። አለማወቅ ወንጀል ከሆነ መላው አሰላ ይታሰር!» አለ። ሻምበሉ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አሰናበተን። ሥራዬ ግን በዚያው ቀረ።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ሌላ ጉርሜሳ አመጣ። ቋንቋውን የሚችል፣ ድምፁን አስመስሎ የሚያወጣ ሰው ነው። ሚስት ስላላገኘ ብቻውን ይጣላል። «እኔ ጉርሜሳ? እምቢ!» ሲል ገበያው ቆሞ አየውና አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ጉርሜሳ ሞቷል እንዴ?» አለ። ያቺ ቃል በፈረስ ተጫነች። በሳምንቱ ውስጥ ጉርሜሳ ሞተ የሚለው ወሬ ጎበሳ ደረሰ፤ እዚያ ሰው ለቅሶ ተቀመጠለት። አንድ ቀን አባቴ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስጠቀልል ከገጠር የመጡ ሴቶች ማቃቸውን ታጥቀው ገቡ። ትልቋ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና አየችኝ።

«ጫልቱ አንቺ ነሽ አሉን» አለችኝ በኦሮምኛ።

«ነኝ፣ እማማ።»

«ልጅ ነሽ ለካ። አላህ ያጽናሽ።»

«እማማ፣ አልሞተም። ታስሮ ነው።»

ወደ ጓደኞቿ ዞረች፤ ተያዩ። «ያው ነው ልጄ» አለችኝ። ተቀመጡና ለእውነተኛ ሟች የሚባለውን ሁሉ አሉ። እኔም አለቀስኩ። አባቴ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ሻይ አዘዘላቸው፤ ያን ቀን አንድም ክንድ ጨርቅ አልሸጠም።

ገመቹን የፈቱት ክረምቱ ሲገባ ነው። ወንድሙ ከቤተሰቡ ጋር ከዋቤ ማዶ፣ ወደ ባሌ ቆላ መሬት ፍለጋ ሊሻገር ጓዙን ጭኖ ነበር፤ እሱም አብሮ ሄደ። ሊሰናበተኝ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ካኪ ኮቱ ሰፍቶታል። አባቴ እዚያው ነበርና ብዙ አላወራንም። አባቴ ከመደርደሪያው አንድ ብርድ ልብስ አውርዶ ሰጠው፤ «ቆላ ነው፣ ምን ያደርግልኛል» ቢለውም ደረቱ ላይ አስታቅፎ ሰደደው።

ከዚያ ያ የለውጥ ዓመት መጣ። ጨርቅ የለበሰው ራዲዮ ከጧት ጀምሮ እርቃኑን ይውል ጀመር፤ በዘፈኑ ፋንታ ማርሽ ይመታል፤ አስተማሪዎቹ ሥራ አቆሙ፤ ወታደሮቹ እንዲህ አሉ፣ ተማሪዎቹ እንዲህ አሉ ይባላል። በዚያው መሐል ገመቹ ተመለሰ፤ ማን እንዳየው አላውቅም፣ በአንድ ጠዋት ከተማው ሁሉ «ጉርሜሳ ተነሳ!» አለ። አስተማሪዎቹ አደባባዩ ላይ ሰልፍ ጠርተው ስለነበር ለምነው ማይክሮፎን አስያዙት። እኔም ሄድኩ። ገጠሩ ሁሉ መጥቷል። ከፊት የቆሙት «መሬት ለእኛ ሊሆን ነው ይላሉ፤ እውነት ነው? አንተ ንገረን!» እያሉ ይጮኻሉ። የፈለጉት ያንን የአፍንጫ ድምፅ ነበር። እሱ ግን በራሱ ድምፅ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«እኔ ገመቹ ነኝ። ጉርሜሳ የሚባል ሰው የለም። ይሰጣችሁ እንደሆነ፣ ሰጥተውም ይተዉላችሁ እንደሆነ አላውቅም። የማላውቀውን እመኑ አልላችሁም።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ «ጉርሜሳን አምጣ!» አለ። «ጉርሜሳን! ጉርሜሳን!» አሉ ሁሉም። አንድ ጸጉሩን ያጎፈረ ወጣት ማይክሮፎኑን ከእጁ ተቀብሎ በሚያምር አማርኛ ተስፋ ይዘረዝር ገባ፤ አደባባዩም በጭብጨባ ተናወጠ። ገመቹ በሰው መሐል እየተገፋ ወጣ። ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘሁት። ጎበሳ የአስተማሪነት ሥራ አግኝቶ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በዓይን አልተያየንም። እኔ በዓመቱ ለደግ ሰው ተዳርኩ፤ እሱ እዚያው የገበሬ ልጆችን ሲያስተምር ኖረ፤ መሞቱንም የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ስለዚህ ያቺን የመጨረሻ ወሬያችንን አንድም ቃል ሳልጥል ይዣታለሁ።

«እነ ቶላስ? እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«ቀበርነው» አለኝ። «ቆላው ለእኛ አልሆነም። ወባ ነው።»

«ተቀይሞህ ነበር?»

«ቢቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም።» አለኝ። «ትኩሳቱ ሲነሳበት ሲንቀጠቀጥ ልጆቹ ይፈራሉ። ይሄኔ ይጠራኝና፣ ገመቹ፣ እስኪ ጉርሜሳን አምጣላቸው ይለኛል።»

«ታመጣላቸዋለህ?»

«አመጣላቸው ነበር።»

«ይስቃሉ?»

«ይስቃሉ» አለኝ። «እሱም ይስቅ ነበር።»

ረዳቱ በሩን እየደበደበ «ጎበሳ! ጎበሳ!» አለ። ገመቹ ወጥቶ መስኮት ጋ ተቀመጠ፤ ኮቱን ሰበሰበና አንገቱን ደፋ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ከአደባባዩ ጭብጨባው ገና ይሰማ ነበር።